የግቢያችሁን ባሕር ዛፍ ቸኮሌት ውስጥ አትክተቱ፣ ጠጅ ሳር እያለላችሁ

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ለአንባቢዎችም እንደዛው፣

የምግብ አምዳችሁ ላይ ቸኮሌት ሙስን፣ ያን በክሬም ሚሰራ ለስላሳ ጣፋጭ፣ በአውስትራሊያ ቅመሞች ቤት ውስጥ ስለመስራት ያወጣችሁትን ወድጄዋለሁ፣ ብዙ ሰውም አንብቦታል መሰለኝ እዚህ ባሕር ዳር ኬክ ሊያዙ የሚደውሉልኝ ሰዎች እንኳን ስለሱ ነው ሚጠይቁኝ። ግን አንድ ነገር አስደንግጦኝ ነው የምጽፈው። አንዲት ደንበኛዬ ደውላ «እትዬ፣ ሌመን ሚርትል ሚባለው ሎሚ ሎሚ ሚሸተው የአውስትራሊያ ቅጠል እኮ ከባሕር ዛፍ ጋር ዘመድ ነው አሉ፣ እኛ ግቢ ደግሞ ባሕር ዛፍ ሞልቶ፣ ቅጠሉን ክሬሙ ውስጥ ባፈላው አይሆንም?» አለችኝ። አይሆንም። እሷ ደውላ ጠየቀች፣ ሳይጠይቅ ሚሞክር ግን ይኖራል፣ ስለዚ ነገሩን በደንብ ላብራራው፣ እባካችሁ ሳታሳጥሩ አውጡልኝ።

ዝምድናው እውነት ነው። ባሕር ዛፍም ሌመን ሚርትልም ዘይቱንም ቅርንፉድም ዶቅማም በእጽዋት አመዳደብ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ግን ዘመድ ስለሆነ ብቻ ይበላል ማለት አይደለም እኮ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በኛ አቆጣጠር 1880ዎቹ ውስጥ ከአውስትራሊያ መጥቶ አገሩን ሲሞላ ለማገዶና ለቤት መስሪያ ነው እንጂ ለምግብ አልነበረም። ነጩ ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት አብዛኛው ሲኒዮል ሚባል ነገር ነው፣ ያ አፍንጫ ከፈት ሚያደርገው ሽታ ማለት ነው፣ ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን ብርድ ልብስ ተከናንበን ምንታጠነው ለዛ ነው። መታጠን ሌላ መዋጥ ሌላ። ዘይቱ ጥቂት ሚሊ ሊትር እንኳን ቢዋጥ ሕፃን ልጅን ሊመርዝ ይችላል። ቅጠሉን ክሬም ውስጥ ስታሞቁት ደግሞ ክሬሙ ላይ ያለው ስብ ዘይቱን ጥርግ አድርጎ ነው የሚወስደው፣ ምን ያህል እንደገባ ማንም አያውቅም።

እርግጥ አውስትራሊያ ውስጥ ለምግብ ሚሆን አንድ የባሕር ዛፍ ዓይነት አለ፣ ስትሮበሪ ገም ይሉታል፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከፍታ ላይ ሚበቅል ነው፣ የቅጠሉ ሽታ ሜቲል ሲናሜት ከሚባል ሌላ ነገር ነው ሚመጣው፣ ስሙ እንደሚለው እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ከጣና ዳር ነጭም ሆነ ቀይ ባሕር ዛፍ ጋር ሽታው አይገናኝም።

ሁለተኛው ሚያሳስበኝ ቅመም ደግሞ ዋትልሲድ ነው፣ እዚህ ላይ የአዊ ሰው በተለይ ልብ ይበል። ዋትልሲድ የግራር ዘር ነው፣ የአውስትራሊያ ግራር። እኛ ጋ ደግሞ ፋግታ ለኮማ ያሉ ገበሬዎች ማሳ ሙሉ ሚተክሉት፣ መጀመሪያ ዓመት ላይ ከጤፍ ጋር አብረው ዘርተው ሲደርስ ለከሰል ሚቆርጡት ዲከረንስ እሱም የአውስትራሊያ ግራር ነው። እና ሰው «ታዲያ ዘሩን ለቅመን ብንቆላውስ» ማለቱ አይቀርም። አውስትራሊያ ውስጥ ወደ 1000 የሚጠጋ የግራር ዝርያ ነው ያለው፣ ከዛ ሁሉ ዘሩ ለምግብ ሚውለው ጥቂቱ ነው፣ ገበያ ላይ በብዛት ሚሸጠውም ቪክቶሪዬ ከሚባለው ዝርያ ሚገኘው ነው። ዲከረንስ እዛ ውስጥ የለበትም። ከሰሉን አንድዱት፣ ዘሩን ተዉት። ቆላ ያለውን የራሳችንን ግራርም እንደዛው።

ትክክለኛውን ዋትልሲድ ግን አውቀዋለሁ፣ ሜልቦርን ያለችው እህቴ ሰው ሲመጣ ትልክልኛለች። ሲታይ ወፈር ተደርጎ የተፈጨ ቡና ነው ሚመስለው፣ ጥቁር ቡናማ ሆኖ መሀል መሀሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው። ደረቁን ስታሸቱት ያን ያህል አይደለም። ሞቅ ያለ ክሬም ስታፈሱበት ነው ጉዱ፣ መጀመሪያ የተቆላ ገብስ ይሸታል፣ ቆየት ሲል ቡና ቡና ይላል፣ መጨረሻ ላይ ቸኮሌት ራሱ ይመጣል፣ ገና ቸኮሌቱን ሳትጨምሩ ማለት ነው። ክሬሙም ቀለሙ ቀስ እያለ ማኪያቶ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ ከድናችሁ አጥልሉት፣ ፍርክስካሹ ሲታኘክ ደስ ሚለው ሰው ካለ ግማሹን ይተወው። ይሄን ዘር የዛ አገር ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጂኖች፣ ሴቶቹ ለቅመው አመሱት፣ አበጠሩት፣ ድንጋይ ላይ ፈጩት፣ አቡክተው ፍም አመድ ውስጥ ጋገሩት፣ እና ይሄ የትናንት ነገር አይደለም፣ ኩዲ ስፕሪንግስ ሚባል ቦታ ወደ 30 ሺህ ዓመት ሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የወፍጮ ድንጋዮች ተገኝተዋል። በወፍጮና በመጅ ያደግን ሰዎች ይሄን ሥራ ሳናየው እናውቀዋለን። ጽሁፋችሁ ስለነሱ አንድ መስመር እንኳን አለማስገባቱ ቅር ብሎኛል፣ የቅመሙ ባለቤቶች እኮ እነሱ ናቸው።

አሁን ዋናው ነገሬ። አውስትራሊያ ዘመድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? መልሱ እዚህ የበቀለውን የአውስትራሊያ ዛፍ መቅጠፍ ሳይሆን ሽታው አንድ የሆነውን የራሳችንን ነገር መፈለግ ነው።

ሌመን ሚርትልን ሌመን ሚርትል ያደረገው ሲትራል ሚባል ሎሚ ሎሚ ሚሸት ነገር ነው፣ የቅጠሉ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ እሱ ነው። ይሄው ሲትራል በብዛት ያለበት ደግሞ ጠጅ ሳር ነው! ባሕር ዳር ስንቱ ግቢ ውስጥ አጥር ስር በቅሎ ሻይ ላይ ብቻ ነው ምናውለው። አንድ እፍኝ እርጥቡን ቅጠል እጠቡና በደንብ አድርቁት፣ ውሃ እንዳይኖረው፣ ጨምቃችሁ ጠምዝዛችሁ እጃችሁ ላይ እስኪሸት ድረስ አድቅቁት፣ 100 ሚሊ ሊትር ክሬም አሙቃችሁ ሊፈላ ሲል አውርዱና ክተቱት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ሃያ ደቂቃ። አብራችሁ አታንተክትኩት፣ ሽታው ተኖ ይሄድና ሳር ሳር ሚል ነገር ነው ሚተርፋችሁ። ትክክለኛው ሌመን ሚርትል ያላችሁም ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ፣ ሲበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። «ሎሚ ብጨምቅበትስ» ለምትሉ፣ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ትኩሱን ክሬም ሊቋጥረው ይችላል፣ እዚህ ሚፈለገው ደግሞ ሽታው ነው እንጂ ኮምጣጣነቱ አይደለም።

ያንን ክሬም አጥልላችሁ እንደገና ሞቅ አድርጉና ደቆ በተከተፈ 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ላይ አፍስሱት፣ ሁለት ደቂቃ ተዉት፣ ከመሀል ጀምራችሁ አማስሉ፣ ሁሉም ካልቀለጠ ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ላይ ጎድጓዳ ሳህኑን ትንሽ ጣድ አድርጉት። ጣታችሁን ስትነክሩት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ማይሰማችሁ ሲሆን ሌላ 200 ሚሊ ሊትር በቅዝቃዜው የተመታ ክሬም በሦስት ጊዜ ከስር ወደ ላይ እያነሳችሁ አዋህዱት። ክሬሙን ስትመቱት ለስለስ ብሎ ጫፉ ጎንበስ ሲል አቁሙ፣ ብዙ ከመታችሁት ሙሱ ፍሪጅ ገብቶ ይደርቃል። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ፍሪጅ። ጥሬ እንቁላል እኔ አልጠቀምም፣ ሳልሞኔላ ሚባል ሆድ ሚያውክ ጀርም አለ፣ መብራትም ሄድ መጣ ይላል፣ ለነፍሰጡርና ለሕፃናት ሚሆን ነገር ላይ ደግሞ ድርድር የለም።

ለዋትልሲድ ምትክ ሚሆነው የዘጌ ቡናና ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ገብስ ነው፣ እኩል እኩል፣ ወፈር ተደርጎ የተፈጨ፣ በዛው መንገድ ክሬሙ ውስጥ። የዘጌ ቡና በዛፍ ጥላ ስር ገዳማቱን ተጠግቶ ሚበቅል ነው፣ ቅርባችን ነው፣ ጀልባ ተሳፍሮ መግዛት ይቻላል። ዋትልሲድ ካፌን የለውም፣ ቡና አለው፣ ስለዚ ለልጆች ገብሱን ብቻ አድርጉት።

ሦስተኛው በጣም ምወደው ነው። ሪቤሪ ሚባል የአውስትራሊያ ትንሽ ቀይ ፍሬ አለ፣ ከሙሱ ጎን በስኳር ተቀቅሎ ሚቀርብ፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሚል። ይሄ ፍሬ የዶቅማ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ሲዚጂየም ከሚባለው ወገን ናቸው፣ ቅርንፉድም ራሱ ከነሱ ጋር ነው። እና እኛ ዶቅማን ልጆች ዛፍ ላይ ወጥተው ምላሳቸው እስኪጠቁር ሚበሉት ነገር አድርገን ትተነዋል፣ ማእድ ላይ አቅርቦት ሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ዶቅማ ሥጋው ስስ ነው ፍሬው ትልቅ፣ ስለዚ ከፍሬው ለመላጥ አትድከሙ፣ ከነፍሬው ከትንሽ ውሃና ከስኳር ጋር በዝግታ ቀቅሉት፣ ሁለት ራስ ቅርንፉድ ጣሉበት፣ ሲፈርስ በወንፊት አሹት። ወፍራም ወይንጠጅ ነገር ይወጣል፣ ትንሽ አፍ ይይዛል፣ ያ አፍ መያዙ ነው እንግዲህ የቸኮሌቱን ቅባት ቆረጥ ሚያደርገው። ሳህኑ ላይ ስር አድርጋችሁ ሙሱን ከላይ።

ፔፐርቤሪ ሚባለው ሚያቃጥል የታዝማኒያ ፍሬ በጥምዝ ይተካል፣ ቁንጥር ብቻ። ማካዳሚያ ሚባለውን የአውስትራሊያ ቅባታም ፍሬ ግን በለውዝ ተኩ ብላችሁ የጻፋችሁት አልተዋጠልኝም፣ ማካዳሚያ ከሦስት እጁ ከሁለቱ በላይ ቅባት ነው፣ ጣዕሙ ዝግ ያለ፣ ለውዝ ከገባ ሌላ ምንም አይሰማም። ከሌለ ይቅር።

ሌላው የጎደለው ጾም ነው። የጻፋችሁት በሙሉ እንቁላልና ክሬም ነው፣ ግማሽ ዓመቱን ጿሚ ለሆነ አንባቢ ይሄ ምን ይረባዋል? እኔ በጾም ምሰራው ኤርቬ ቲስ ሚባል ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ያወጣውን ነው፣ ቸኮሌትና ውሃ ብቻ! 200 ግራም 70 በመቶ ጥቁር ቸኮሌት፣ 180 ሚሊ ሊትር ውሃ። ቸኮሌት ውሃ ሲነካው ይቋጠራል ሚባለው ጠብታ ሲሆን ነው፣ ትንሽ ውሃ ስኳሩን አርሶ ያጣብቀዋል፣ እንዲህ ሲበዛ ግን የካካዎው ቅባት ውሃው ውስጥ ተበታትኖ ልክ እንደ ክሬም ይሆናል። አብራችሁ አቅልጡት፣ በረዶና ውሃ ያለበት ትልቅ ሳህን ላይ አስቀምጡና በእጅ ምቱ። ለብዙ ደቂቃ ምንም ሚሆን አይመስልም፣ ቀጭን ነው፣ ተስፋ ያስቆርጣል፣ ከዛ ድንገት የመምቻው መስመር መታየት ይጀምራል፣ ቀለሙ ነጣ ይላል፣ እዛ ላይ ቶሎ አቁሙ፣ ትንሽ ከዘገያችሁ አሸዋ ይሆናል። አሸዋ ከሆነም አይጣልም፣ መልሳችሁ አቅልጡት እንደገና ምቱት። ቅመሙ ሚገባው ውሃው ውስጥ ነው፣ ማለትም በተራ ውሃ ፈንታ ወፈር ያለ የጠጅ ሳር ሻይ ወይ የዘጌ ቡና ማድረግ ነው። ቸኮሌቱ ላይ የወተት ዱቄት ወይ የወተት ቅባት እንደሌለበት ማሸጊያውን አንብቡ፣ ጥቁር ሚሉት ሁሉ የጾም አይደለም።

ስለዚ ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የውጭ ቅመም ስትጽፉ የትኛው ዝርያ እንደሆነና የትኛው ክፍሉ እንደሚበላ አብራችሁ ጻፉ፣ ባሕር ዛፍና ዲከረንስ በሞላበት አገር «የአውስትራሊያ ቅጠል» ብሎ መተው አደጋ አለው፣ እና ይሄን በሚቀጥለው ዕትም በጉልህ አስተካክሉልን። ሁለተኛ፣ የአማራ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ ዩኒቨርሲቲያችንም የምግብ ምህንድስና ያስተምራል፣ ጋዜጠኛ ልካችሁ ዶቅማን ጠይቁልን፣ እንዴት ይደርቃል፣ እንዴት ይቆያል፣ ችግኙስ የት ይገኛል። እኔ ሲደርስ ኪሎ በኪሎ ምገዛ ሰው ነኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን ሳገኘው ሳጣው ነው።

ቤቷ ኬክ እየሰራች የምትሸጥ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር