ቅጠሉን ከመቁረጥሽ በፊት

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን ሳስበው አፍራለሁ። መጀመሪያ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ አሳደርኩት፤ ከዚያ በኋላ በዘገየሁ ቁጥር ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። አንቺ ግን ቂም ሳትይዢ ባለፈው ሳምንት የቤትሽን ተክል፣ የፊከሱን ቅጠል ፎቶ አንስተሽ «ይኼ ቡናማ ነገር ምንድን ነው? ልጥለው ነው» ብለሽ ላክሽልኝ። እባክሽ አትጣዪው።

ፎቶው ለምን እንዳስደነገጠኝ ልንገርሽ። ከዚያው ፊከስ ቆርጠሽ የሰጠሽኝ ቅርንጫፍ ሞቶብኛል። ዝም ካልኩባቸው ምክንያቶች አንዱም እሱ ነው፤ «ፊከሱ እንዴት ሆነ?» ብትይኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

አሟሟቱ እንዲህ ነበር። ከታች ካሉት ቅጠሎች በአንዱ ላይ፣ ከመሐለኛው ጅማት አጠገብ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ጠቆር ያለች ነጠብጣብ ወጣች። ፈንገስ ነው ብዬ ደመደምኩና መድኃኒት እየረጨሁ ሰነበትኩ። ቅጠሎቹ ጠውለግ ሲሉ ደግሞ ጠምቶት ነው ብዬ ውኃ ጨመርኩለት። በ3ኛው ወር ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ረገፉ። ያን ጊዜ ነው የተተከለበትን ፕላስቲክ ከውጭው ሸክላ ያወጣሁት። ሸክላው ውስጥ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውኃ ተኝቷል፤ የከረመ ኩሬ ሽታ አለው። አንዱን ሥር በጣቶቼ ይዤ ሳብ ሳደርገው ልጡ እንደ እርጥብ ካልሲ ሾልኮ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጡ ያለው ክር የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። ሥሩ በስብሶ አልቆ እኔ ቅጠል ሳክም ነበር።

ሥር እንደኛው አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ውኃ ከጠጣ አየሩ ይወጣል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ የሚያበሰብሱት ነገሮችም ያን ጊዜ ያገኙታል። የሞተ ሥር ውኃ ወደ ላይ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠማል። ለዚህ ነው ውኃ የበዛበት ተክል ውኃ ያነሰው የሚመስለው፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ መቀስም መድኃኒትም ከማንሳትሽ በፊት ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ክተቺና እርጥብ መሆን አለመሆኑን እዪ። ከዚያ በእርሳስ የነጠብጣቡን ዳር ዳር ቅጠሉ ላይ በስሱ አክብቢውና ሳምንት ጠብቂ። መስመሩን አልፎ ከሄደ ሕያው በሽታ ነው፣ ወይም ያመጣው ነገር አልቆመም። ካለበት ካልተነቃነቀ ያለፈ ጉዳት ጠባሳ ነው። አንዴ ቡናማ የሆነ የቅጠል ክፍል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ ዓይንሽን አዲስ በሚወጣው ቅጠል ላይ አድርጊ እንጂ በአሮጌው አትፍረጂ።

ቀጥሎ ቦታውን እዪ። ጫፉና ጠርዙ ብቻ ደርቆ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ ደረቅ አየር፣ የተዘበራረቀ የውኃ አሰጣጥ ወይም የጨው ክምችት ነው። አፈሩ ላይና የሸክላው አፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ካየሽ ጨው ነው፤ ብዙ ጊዜ ማዳበሪያ ሲበዛ የሚመጣ ነው። መፍትሔው ማዳበሪያውን ማቆምና የሸክላውን ይዘት እጥፍ የሚያህል ውኃ ቀስ እያሉ አፍስሶ በቀዳዳው እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ሳህኑ ላይ የወረደውን ግን ድፊው፣ ተመልሶ እንዳይጠጣው። ድራሴናና ስፓይደር ፕላንት የሚባሉት የቤት ተክሎች ካሉሽ ደግሞ የቧንቧ ውኃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ብቻውን ጫፋቸውን ሊያቃጥለው ይችላል። ውኃ አሳድሮ ማጠጣት ክሎሪንን ያተንናል እንጂ ፍሎራይድን አይነካውም፤ ለእነሱ የዝናብ ውኃ ይሻላቸዋል።

ወደ መስኮቱ የዞረው ፊት ብቻ ነጣ ብሎ እንደ ወረቀት ከደረቀ ፀሐይ አቃጥሎታል። ጥላ ውስጥ የከረመን ተክል በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ ስታወጪው የሚመጣ ነው፤ ገለል ካደረግሽው አይስፋፋም። ለጋዎቹ ቅጠሎች ላይ ብቻ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀይ ቡናማ ነጥቦች ካየሽም አትደንግጪ፤ ሥሩ ቅጠሉ ከሚችለው በላይ ውኃ ሲልክ ጥቃቅን የቅጠል ክፍሎች ፈንድተው ነው፣ ቅጠሉ ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ይደበዝዛል።

ፈንገስ ሲሆን ክብ ክብ ይሠራል፣ ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት ይኖረዋል፣ አንዳንዴም በአጉሊ መነጽር ስታዪው መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ነጥብ አለበት። ባክቴሪያ ሲሆን ውኃ የነካው ወረቀት ይመስላል፤ በጅማቶቹ መሐል ስለሚታገድም ብዙ ጊዜ ማዕዘን ይይዛል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስተሽ ብታዪው ልዩነቱ ይታያል። ሁለቱም ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚዛመቱት በተፈናጠረ ውኃ ነው። ስለዚህ ተክሉን ከሌሎቹ ለዪው፣ የታመመውን ቅጠል በመቀስ አንሺ፣ መቀሱን በየቁርጡ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጊ፣ ውኃውን አፈሩ ላይ ብቻ አፍስሺ። መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ገና ያልተነካውን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም። ባክቴሪያ ወደ ግንዱ ከገባ መድኃኒት የለውም፤ ያኔ መጣል ነው።

ቅጠል ላይ ውኃ እፍ እፍ የማድረግ ልማድሽን ግን ብትተዪው ደስ ይለኛል። የአየሩን እርጥበት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው፤ ለፈንገስ ግን የሚፈልገውን እርጥብ ቅጠል ይሰጠዋል። ከዚያ ይልቅ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ ስትጠርጊም ጀርባውን ማየት አትርሺ፤ ተባይ ካለ እዚያ ነው የሚደበቀው።

አሁን ወደ ፎቶሽ ልመለስ። ነጠብጣቦቹ ጠቆር ያሉ ናቸው፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ነው ያሉት፣ ዙሪያቸውም ቢጫ እያለ ነው። ቢጫው ፈንገስ ቢያስመስለውም የእኔው ቅጠል ነው የመሰለኝ። ስለዚህ ሳምንቱን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ከሸክላው አውጪውና ሥሩን እዪ። ጤነኛ ሥር ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ይሟሽሻል፣ ይሸታል። የሚሟሽሸውን ሁሉ ንጹሕ ሥር እስክታገኚ ቁረጪ፣ አፈሩን ጥለሽ ውኃ በሚያሳልፍ አዲስ አፈር ትከዪው። ትልቅ ሸክላ አትስጪው፤ ከቀረው ሥር በሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ሰፋ ያለ፣ ከታቹ ቀዳዳ ያለው ይበቃል። ከዚያ የላይኛው አፈር እስኪደርቅ ውኃ የለም፤ ማዳበሪያም አዲስ ቅጠል እስኪወጣ የለም።

ሥሩ ሁሉ አልቆ ካገኘሽው ደግሞ ጊዜ አትስጪው፤ ከላይ ነጠብጣብ የሌለበትን አንድ ጤነኛ ቅርንጫፍ ቁረጪና አትርፊው። የሚፈሰው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ጓንት አድርጊ። ወተቱን በውኃ አጥበሽ እርጥበት ያለው ቀለል ያለ አፈር ውስጥ ትከዪው፤ ሥር እስኪያወጣ ሳምንታት ይፈጅበታል።

ሥሩን እንዳየሽ ወዲያው ጻፊልኝ፤ ፎቶም ላኪልኝ። አሁን አላስጠብቅሽም። ከዳነ ደግሞ አንድ ቅርንጫፍ አስቀሪልኝ፤ ይኼኛውን ቀዳዳ ባለው ሸክላ ነው የምተክለው።

ናፋቂሽ