ኪኒኑንማ ወስጃለሁ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የጀርባ አጥንታቸው ሳይዘጋ ለሚወለዱ ሕፃናት ቤተሰቦች ስለሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። የእኔም ልጅ እንዲሁ ስለተወለደች አርእስቱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ የዘለቀው እስከ ሦስተኛው አንቀጽ ነው። «ችግሩ የሚከሰተው እናቶች በእርግዝናቸው ወቅት ፎሊክ አሲድ ባለመውሰዳቸው ነው» ትላላችሁ።

ባለመውሰዳቸው? እኔ እኮ ወስጃለሁ። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ያለባትን ያቺን የደም ማነስ ኪኒን፣ እያቅለሸለሸኝ፣ አንድ ቀን ሳላስተጓጉል። የክትትል ካርዴ አሁንም ቤት አለ። ኪኒኑ መጀመሪያ የተሰጠኝ ቀን ትይዩ «16 ሳምንት» ይላል። የልጅ ኅብለ ሰረሰር ግን ተዘግቶ የሚያልቀው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ እኔ ማርገዜንም አላወቅኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ኪኒኑ መጀመር ያለበት ከእርግዝና በፊት ነው። ይህን ለሙሽራ የሚነግር ማነው?

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ምን ያካብዳታል» ትሉ ይሆናል። የባለቤቴ ዘመዶች ለዓመታት ሲሉኝ የኖሩት ይህንኑ ነው። አሁን በእናንተ ታትሞላቸዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አማቴ ቆርጠው ሳያስቀምጡት አይቀሩም።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ዘገባችሁ ጠበቃ ከተገኘ ሁሉም ነገር ያለቀ ያስመስለዋል። ጠበቃማ አግኝቼ ነበር፣ ያውም በነጻ፣ ያውም ደግ ሰው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ማንን ነው የምንከሰው?» የሚል ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ላለው ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ አጥፊ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ከዚያ ጥፋት መምጣቱንም ማስረዳት የከሳሽ ሥራ ነው። ኪኒኑን የሰጠችኝ ነርስ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። አልትራሳውንድ ያየኝ ባለሙያ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ቢሸኘኝም ክፍተቱን ያመጣው እሱ አይደለም። በዚያ ላይ አንቀጽ 2143 ለክስ የሚሰጠው 2 ዓመት ነው። በእነዚያ 2 ዓመታት የልጄ ጀርባ ተዘጋ፣ ከዚያ ጭንቅላቷ ውሃ መያዝ ጀመረና ቱቦ ተደረገላት። ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ይልቅ ስለ ዱቄት ለምን አንድ መስመር አልጻፋችሁም? አሜሪካ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር አስገድዳ፣ እንዲህ ሆነው የሚወለዱትን ልጆች በሲሶ ገደማ ቀንሳለች። እኛም አገር ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የስንዴ ዱቄትን ማበልጸግ ግዴታ ነው። ግዴታ! ሰፈሬ ያለው ዳቦ ቤት ገብቼ ከረጢቱን አገላብጬ አየሁት። ስለ ፎሊክ አሲድ የሚል ነገር የለም። ጋጋሪውን ብጠይቀው «እሱ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ። እንጀራ ለሚበላውማ የስንዴው ግዴታ ራሱ ብዙም አይደርስለትም። በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ከ10,000 ወሊድ ውስጥ ከ100 በላይ እንዲህ ያለ ጉዳት አግኝተዋል። በሌላው ዓለም ከዚህ በጣም ያንሳል። የእኛ አገር እናቶች በሙሉ ግዴለሾች ሆነን ነው? ወይስ ፋብሪካዎቹንና ተቆጣጣሪውን ከመጠየቅ እኛን መውቀስ ይቀላል?

ነጻ የሕግ ድጋፍ አያስፈልግም አላልኩም። የሚያስፈልገን ሌላ ቦታ ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አብረውኝ ከሚጠብቁት እናቶች ስንቷን ባሏ ጥሏት ሄዷል። የእኔው አልሄደም፤ ከዘመዶቹ ጋር ግን እንደምታዩት ነው። ለእነዚያ እናቶች የሚያስፈልገው የቀለብ ክስ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዓመታት በነጻ ሲያግዝ የኖረው እንዲህ ባለው ጉዳይ ነው። እናንተ ስሙንም አላነሳችሁት።

የእኔ ጣጣ ደግሞ ትምህርት ቤት ነው። ልጄ በየ4 ሰዓቱ ሽንቷ በካቴተር፣ በቀጭን ቱቦ ማለቴ ነው፣ መውጣት አለበት። ንጹሕ ክፍል፣ ውሃና በር የሚዘጋ ሽንት ቤት ካለ እኔው ሄጄ አደርግላታለሁ። ርእሰ መምህሯ «ሽንቷን መቆጣጠር ስትጀምር አምጪያት» አሉኝ። ነርቩ የተጎዳ ልጅ መቼ ነው የሚጀምረው? የሕንፃ አዋጁ እኮ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መጸዳጃ ይኑር ያለው በ2001 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ሦስተኛውን አንቀጽ አርሙት፣ በትልቁ። ከዚያ ለትምህርት ቤቱ አንድ ኮስተር ያለ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ጠበቃ ካወቃችሁ አገናኙኝ። ምዝገባው ነሐሴ ላይ ነው።

አንዲት እናት
ከአዲስ አበባ