የኩባ ያልሆነ ሲጋር ሁሉ ማስመሰያ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ ሲጋር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የሃቫናን ሲጋር ታሪክ ለማያውቀው አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ማቅረባቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ይሁንና ጽሑፋቸውን «ሲጋር ማለት የኩባ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማስመሰያ ነው» ብለው መዝጋታቸው ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ገፋፍቶኛል። የገፋፋኝም አባባሉ እንግዳ ሆኖብኝ ሳይሆን፣ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እኔው ራሴ በየሄድኩበት ስለው የኖርኩት ነገር በመሆኑ ነው።

እኔ በኦጋዴኑ ጦርነት አባታቸውን አጥተው በ1971 ዓ.ም. ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነኝ። ያን ጊዜ 13 ዓመቴ ነበር። ወጣቶች ደሴት በምትባለው በዚያች ደሴት ላይ ግማሹን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሹን ቀን ደግሞ በብርቱካንና በግሬፕ ፍሩት እርሻ ውስጥ እያሳለፍን አደግን። ከዚያ በኋላ በፒናር ዴል ሪዮ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት ስከታተል ለመስክ ልምምድ የተመደብኩት ሳን ሁዋን ኢ ማርቲኔስ በሚባለው አካባቢ ስለነበር፣ የዓለም ምርጥ ትምባሆ የሚበቅልበት የቩዌልታ አባሆ ቀይ አፈር ለወራት ጫማዬ ላይ ተጣብቆ ኖሯል። የመጀመሪያዬን ሲጋር የሰጡኝ እዚያው ያሳደሩኝ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ስም የተጻፈበት የወረቀት ቀለበት አልነበረውም፤ ከራሳቸው ማሳ ለቅመው፣ ከራሳቸው ማድረቂያ ጎጆ አውርደው፣ ከቁርስ በኋላ ጉልበታቸው ላይ ባስቀመጡት ጣውላ የጠቀለሉት ነበር። በጠቆረ ጣፋጭ ቡና ያጤስነው ያ ሲጋር ለብዙ ዓመታት የማንኛውም ሲጋር መለኪያዬ ሆኖ ቆየ። ትምባሆ ጤና እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ማንንም አጢሱ አልልም፤ እኔም በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም በጓሮዬ ካልሆነ በቀር አላጤስም። የምጽፈው እንደ አንድ የግብርና ባለሙያና እንደ አንድ ግትር ሰው ነው።

ግትርነቴን ያላላው ጉዞ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ልጄን ለመጠየቅ ወደ ቨርጂኒያ ስሄድ ከሃቫና ሲጋሮቼ አንዱንም ይዤ መግባት አልቻልኩም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 በኩባ ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስካሁን አልተነሳም፤ በኦባማ ዘመን ለመንገደኛ ተፈቅዶ የነበረው ለግል መጠቀሚያ የሚሆን ሲጋር ይዞ የመግባት ፈቃድም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ተሽሯል። ማዕቀቡን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከመፈረማቸው በፊት የፕሬስ ኃላፊያቸውን ፒየር ሳሊንጀርን ልከው የሚወዱትን ትንሹን የኤች ኡፕማን ሲጋር እንዳስገዙ፣ 1,200 ፍሬ መገኘቱን ሲሰሙም ወዲያው እንደፈረሙ ሳሊንጀር ራሳቸው ተናግረዋል። እኔ እንደ እርሳቸው አስቀድሞ የሚገዛልኝ ሰው ስላልነበረኝ ባዶ እጄን ደረስኩ።

አሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖረው የደሴቲቱ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ አንድ ምሽት በረንዳው ላይ አስቀምጦኝ፣ የወረቀት ቀለበቱን ያወለቀለትን ሲጋር ሰጠኝ። ለኮስኩት። ሁለት ጊዜ ስስበው ጉሮሮዬን ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ነገር ቆነጠጠኝ። «ይሄ የኩባ አይደለም» አልኩት፤ እንዳላታለለኝ ኮርቼ። «አዎ፣ አይደለም» አለና ወሬውን ቀጠለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ ድሮ አስተማሪዎቻችን ስናወራ ቆይተን፣ ሲጋሩ ጣቶቼን ሊያቃጥል ሲደርስ ወደ መተርኮሻው እያየ «ታዲያ ካልሆነ እስኪለበልብህ ድረስ ለምን አልጣልከውም?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። አመዱ ነጭ፣ ጠንካራና ሁለት ጣት ያህል ሳይረግፍ የቆየ ነበር፤ ከመካከሉ በኋላ በርበሬው ጠፍቶ የተቆላ ቡናና የካካዋ ጣዕም ተክቶታል፤ እንደ ብዙዎቹ የሃቫና ሲጋሮች ትንፋሽ አልከለከለኝም፣ ባንድ በኩል ብቻም አልነደደም። ባልንጀራዬ የነገረኝ፣ ኤስቴሊ በምትባል የሰሜን ኒካራጓ ከተማ የተጠቀለለ መሆኑን ነው።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ለቡና ሥራ ወደ ኒካራጓዋ ማታጋልፓ የመሄድ ዕድል ስለገጠመኝ፣ ከዚያ ብዙም ሩቅ ወዳልሆነችው ኤስቴሊ አንድ ቀን ወስጄ ሄድኩ። በአንድ የሲጋር ፋብሪካ የትምባሆ ማብላያ ክፍል ውስጥ ገና እግሬን ሳስገባ ዓይኔ ዕንባ አቀረረ። ከሰው ቁመት በማይተናነስ ክምር ተደርድሮ የሚብላላው ቅጠል የሚያወጣው የአሞኒያ ሽታ በፒናር ዴል ሪዮ ከማውቀው በምንም አይለይም፤ ክምሩ መሐል ተሰክቶ የቆየውን ቴርሞሜትር አውጥቶ ሙቀቱን የሚያነበው፣ ገና ሳይቃጠል ቅጠሉ ይገልበጥ የሚለው ሠራተኛም የተጠቀመበት ቃል በኩባ የተማርኩት ቃል ነበር። በሚቀጥለው ክፍል ሴቶች ተቀምጠው የቅጠሉን ማዕከላዊ ጅማት ይነቅላሉ፤ ቅጠሉንም ጭናቸው ላይ እየዘረጉ ይደራርባሉ። ጽሑፋችሁ «በቆነጃጅት ጭን ላይ የሚጠቀለል» ያለው ተረት የመጣው ከዚህ ነው፤ ማንም ሰው ጭኑ ላይ ሲጋር ጠቅልሎ አያውቅም፤ አይቻልምም፤ ጣውላ ያስፈልጋል። ጠቅላዮቹ ጨረቃ በምትመስል ቢላዋ የላይኛውን ቅጠል በአንድ ስንዘራ ቆርጠው፣ የሆድ ዕቃ የሚሉትን የውስጠኛውን ቅጠል ማሰሪያው ላይ አጥፈው ሲያስተኙ ያየሁት የእጅ አጣጣል፣ ሽማግሌው ገበሬ ከቁርስ በኋላ ያደርጉት የነበረው ነው። ከጎኔ የነበረው የፋብሪካው አሠልጣኝ የአያቱ አገር የት እንደሆነ ስጠይቀው «ሳን ሉዊስ» አለኝ። ሳን ሉዊስ ከሳን ሁዋን ኢ ማርቲኔስ ቀጥሎ ያለው ወረዳ ነው።

እንዴት እዚያ ሊደርስ ቻለ? የኩባ አብዮታዊ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1960 የሲጋር ፋብሪካዎቹን በወረሰ ጊዜ ባለቤቶቹ፣ ቀማሚዎቹና ብዙ ባለሙያዎች ከአገር ወጡ። ከእነዚህ አንዱ የሆኑት የፒናር ዴል ሪዮ ተወላጅ ሆሴ ኦርላንዶ ፓድሮን፣ ማያሚ ገብተው ከአንድ ወዳጃቸው በተሰጣቸው ትንሽ መዶሻ የአናጢነት ሥራ እየሠሩ ባጠራቀሙት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1964 አነስተኛ የሲጋር መሥሪያ ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ሥራቸውን ኤስቴሊ ላይ ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኒካራጓ አብዮት መሐል ፋብሪካቸው ተቃጠለ፤ እርሳቸው ግን ሥራውን አልተዉም። ዛሬ ወደ አሜሪካ ከሚገቡት በእጅ የተጠቀለሉ ሲጋሮች ትልቁን ድርሻ የያዘችው ያቺው ኒካራጓ ናት። መዶሻዋ እስከ ዛሬ የኩባንያው ምልክት ሆና ትታያለች።

እንደ ግብርና ባለሙያ ከሁሉ የሚደንቀኝ የዘሩ ነገር ነው። ኮሮሆ የሚባለው ዝነኛ የሽፋን ቅጠል ስሙን ያገኘው በሳን ሉዊስ አካባቢ ካለ አንድ እርሻ ሲሆን፣ የሃቫና ሲጋር ለአሥርት ዓመታት የለበሰው ይህንኑ ቅጠል ነበር። ነገር ግን ኮሮሆ ሰማያዊ ሻጋታ ለተባለው በሽታ እጅግ የተጋለጠ ነው፤ እኛ ደሴቲቱ ላይ ሳለን እ.ኤ.አ. በ1980 በሽታው የአገሪቱን ምርት ጨርሶታል ማለት ይቻላል፤ አስተማሪዎቻችን ያን ዓመት የሚያስታውሱት ሰው ድርቅን እንደሚያስታውስ ነበር። በመጨረሻም ኩባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሽታውን በሚቋቋሙ የተዳቀሉ ዝርያዎች ተክታ ኮሮሆን ተወችው። ያ ጥንታዊ ዘር ዛሬ በስፋት የሚመረተው በሆንዱራስ፣ ሃማስትራን በሚባል ሸለቆ ነው። እንግዲህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው፦ ኩባ ራሷ የተወችውን የኩባ ዘር፣ የኩባ ስደተኞች ልጆች በኩባ ስልት አብላልተው ሲጠቀልሉት ማስመሰያ የሚሆነው የማን ነው? ከሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ከአፈሩ፣ ከዘሩና ከእጁ፣ ባሕሩን ሳይሻገር የቀረው አፈሩ ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ የለብንም፤ የጌሻ ቡናችን ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ተነሥቶ በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2004 በጨረታ ዓለምን ጉድ አሰኘ። የፓናማውን ጌሻ ስቀምስ አዝኜ ይሆናል እንጂ ሐሰተኛ ነው ብዬ አላውቅም።

አፈር ምንም አይደለም ማለቴ እንዳይመስል። ከዚያ ወዲህ ዶሚኒካኑንም፣ ሆንዱራሱንም፣ ከካሜሩን በመጣ ቅጠል የተሸፈነውንም በየጉዞዬ ሞክሬአለሁ፤ በአንዳቸውም ውስጥ ያን የደረቀ መሬት ዝናብ ሲነካው የሚወጣውን ሽታና ምላስ ጫፍ ላይ የሚቀረውን ስስ ጨዋማነት አላገኘሁትም። እርሱ የቩዌልታ አባሆ ነው፤ ከአፈሩ ውጪ አይገኝም። ዶሚኒካኑ ለእኔ ለስላሳነቱ ይበዛብኛል፤ ቢሆንም በዚያች አገር የሽፋን ቅጠል አይበቅልም ሲባል ኖሮ ሲጋር ሠሪዎቹ የፉዌንቴ ቤተሰብ አብቅለው ማሳየታቸውን አከብራለሁ። የካሜሩኑ ቅጠል፣ ቀጭንና ሽፍታ የወጣበት ቆዳ የሚመስለው፣ እንደ ደረቀ ሻይ የሚጣፍጥ ስለሆነ ከጠበቅኩት በላይ ወድጄዋለሁ፤ አፍሪካዊነቴ አዳልቶ ሊሆን ይችላል። የኒካራጓዎቹ ጥፋት ደግሞ ጉልበት ማሳየት መውደዳቸው ነው፤ አንዳንዱን ባዶ ሆድ ያጤሰ ሰው ግድግዳ ይዞ ነው የሚነሣው። የአሜሪካ ገበያ የወደደውን፣ አውራ ጣት የሚያስንቅ ውፍረት ያለውን ሲጋር ግን ከየትም ይምጣ አልለምደውም።

ኩባም ቢሆን የድሮዋ ኩባ አይደለችም። በ2015 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፒናር ዴል ሪዮን መትቶ በሺዎች የሚቆጠሩ የማድረቂያ ጎጆዎችን አፍርሷል፤ የሽማግሌው ገበሬ ጎጆ ከእነዚያ አንዱ ይሁን አይሁን ልጠይቅ የምችለው ሰው የለኝም። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም ኮሂባና ትሪኒዳድ የተባሉት ውድ የኩባ ሲጋሮች ዋጋ በዓለም ዙሪያ እጅግ ውድ ወደሆነው የሆንግ ኮንግ ዋጋ ከፍ እንዲል ተደረገ። እጥረትና ውድነት ሲገናኙ ደግሞ አስመሳዩ ገበያ ይደራል፤ እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልናገር። በአንድ የባሕረ ሰላጤው ከተማ፣ አንድ ሻጭ «ለወዳጅ ብቻ» ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ያወጣልኝን 25 የኮሂባ ሲጋር የያዘ ውብ ሣጥን በብዙ ብር ገዝቼ መጣሁ። ክዳኑ መስታወት ስለነበር ሲጋሮቹ ተደርድረው ይታያሉ። ለእንግዶቼ እያሳየሁ ሳምንት ካለፈ በኋላ አንዱን ለኩሼ ግማሽ ሳላደርስ አጠፋሁት፤ ሌላውን በቢላዋ ሰንጥቄ ስከፍተው ከሆዱ የወጣው ሙሉ ቅጠል ሳይሆን የተከታተፈ ጥራጊ ነበር። ኮሂባ በመስታወት ክዳን ሣጥን ተሽጦ አያውቅም። ይህን በኩባ 10 ዓመት የኖረ ሰው ማወቅ ነበረበት፤ «የኩባ» የሚለው ቃል ዓይኔን ጋረደኝ።

ማስመሰያ የሚለው ስም የሚገባው እንግዲህ እንዲህ ላለው ነው፤ የራሱን አገር ስም ቀለበቱ ላይ አትሞ ለሚሸጠው ለኤስቴሊ ወይም ለሆንዱራሷ ዳንሊ ሲጋር አይደለም።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጽሑፉ ራስጌ ላይ «እውነተኛው ኮሂባ» ከሚል መግለጫ ጋር ያወጣችሁትን ፎቶግራፍ እባካችሁ እንደገና ተመልከቱት። የሣጥኑ ክዳን መስታወት ነው። በሚቀጥለው ዕትማችሁ እርማት ብታወጡ፣ ያንን ፎቶግራፍ ይዞ ገበያ የሚወጣ አንባቢያችሁ ገንዘቡን ከማባከን ይድናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የኩባ ተማሪ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ