ወደ ዋርድ ለተመለሰችው ጓደኛዬ

የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እናትሽ እግራቸው ተሻላቸው?

መልእክትሽን ሳነብ "ተመልሼ ዋርድ ልገባ ነው" የሚለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። አቦ! ያን ሁሉ ዓመት በሪፖርትና በስብሰባ ኖረሽ አሁን እንደገና ጋዋን ልትለብሺ ነው? የማታ ፈረቃ ሲደርስሽ እንዴት እንደምትሆኚ ማየት ነበረብኝ። ማን ቀድሞ እንደጠፋ መቁጠሩን እንተወው። አንቺም ደውለሽ አጣሽኝ፣ እኔም ስልክ ቀየርኩ፣ ዓመቱ ነጎደ። ድሬ ደህና ናት። ሙቀቱ ያው ነው፣ ባጃጁ በዝቷል፣ የከዚራ ዛፎችም ጥላቸውን አልነፈጉንም።

"ታካሚ መቀበል፣ ማስወጣት፣ ማዛወር፣ ሪፈር፣ ሁሉንም ረስቻለሁ" ብለሻል። አልረሳሽም። ቅጾቹ ተቀይረው ይሆናል፤ እነሱን ግማሽ ቀን ብትቀመጪ ትለምጃቸዋለሽ። እኔ የምነግርሽ ቅጹ ላይ ቦታ ያልተሰጠውን ነው። አራቱም ውስጥ ያለው ነገር አንድ ነው፤ ታካሚው ከሚያውቀው ሰው እጅ ወጥቶ ወደማያውቀው ሰው እጅ ይገባል። እዚያ መሃል ላይ ነው ነገር የሚጠፋው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ዘጠኝ የታካሚ ደህንነት መፍትሔዎችን ሲያወጣ ሁለቱ ስለዚሁ ነበሩ። አንዱ ስለ ርክክብ ነው፣ ሌላው ታካሚው ከቦታ ቦታ ሲሄድ መድኃኒቱ እንዳይምታታ ስለማድረግ። እኛ ግን አሁንም ርክክብ ሲባል የአንሶላና የብርድ ልብስ ቆጠራ የሚመስለው ባልደረባ አለን።

ከመቀበሉ ልጀምር። ከድንገተኛ ክፍል ሰው ሲመጣ ሁሉም የሚጠይቀው "አልጋ አለ?" ብሎ ነው። አልጋው ከተገኘ ሥራው ያለቀ ይመስላል። አንቺ ግን መጀመሪያ የመነሻ ልኩን ያዢ። ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ኦክስጅን፣ ትንፋሽ። ትንፋሹን እባክሽ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ካርዶቹን ገልጠሽ ብታዪ ሁሉም ላይ 20 ተጽፏል። የድሬ ሰው ሁሉ በደቂቃ 20 ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል እንዴ? ማታ ላይ ሰውዬው ሲብስበት ተረኛው ሐኪም የሚያወዳድረው ከዚያች ቁጥር ጋር ነው። ቁጥሯ ውሸት ከሆነች መባሱንም የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ጀርባውን ገልብጠሽ እዪ። ቤት ብዙ ተኝቶ የመጣ ሽማግሌ ቁስል ይዞ ሊመጣ ይችላል። በገባበት ቀን ካልጻፍሽው በሦስተኛው ቀን "እናንተ ጋ ነው የቆሰለው" ይባላል። ደግሞ ከሰው ወቀሳ ይልቅ ማገላበጡ ከመጀመሪያው ሰዓት መጀመሩ ይበልጣል።

ፌስታሉንም አትርሺ። አስታማሚዋ የያዘችውን ፌስታል አልጋው ላይ ገልብጣ እንድታሳይሽ ጠይቂያት። የግፊት ኪኒን ይወጣል፣ ጎረቤት ያዋሰችው የሕመም ማስታገሻ ይወጣል፣ ከገበያ የተገዛ ቅጠል ይወጣል። "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ብለሽ ስትጠይቂ "የለም" ያሉሽ ሰውዬ ናቸው እንግዲህ። አልዋሹም። መድኃኒት የሚሉት ሐኪም ቤት የሚሰጠውን ብቻ ስለሆነ ነው።

ቋንቋውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እዚሁ ነው ያደግሽው። እናትየው ሶማልኛ፣ ልጁ ኦሮምኛ፣ ምራቲቱ አማርኛ። አንድ አልጋ ዙሪያ ሦስቱም ይሰማል። ልጅ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ሲያስተረጉም ግን ተጠንቀቂ። ስለ ሽንት፣ ስለ ደም፣ ስለ ወሊድ ስትጠይቂ ልጁ ያፍርና ጥያቄሽን አሳጥሮ ያልፈዋል። እንዲህ ዓይነቱን ቋንቋውን ከሚችል ባልደረባ ጋር ሆነሽ ብትጠይቂ ይሻላል።

አንድ የድሬ ነገር ልጨምርልሽ። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርሱ ትዝ ይልሻል? ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት የገባ ሰው አጎበሩ ቀንም መዘርጋት አለበት። ማታ ብቻ ይመስላቸዋል፣ ለወባ የለመድነው እሱን ስለሆነ። የዴንጊ ሌላው ወጥመድ መውጫው ላይ ነው። ትኩሳቱ ሲወርድ ቤተሰብ "ተሻለው፣ አስወጡልን" ይላል። አደገኛው ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ ልክ ያን ሰዓት ነው፤ ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል፣ ድድ ይደማል። ቢያንስ ሁለት ቀን ያለ ትኩሳት መቆየት አለበት። ሲወጣም ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ እንዳይወስድ መነገር አለበት። ዳይክሎፌናክ ደግሞ የሰዉ ወዳጅ ነው፤ በርጫ ላይ ራሱ "ይቺን ዋጥ አድርግ" ይባባሉበታል።

ከክፍል ወደ ክፍል ስለ ማዛወር ብዙ አልልም። በስልክ "እየመጣ ነው" ብሎ መላክ ርክክብ አይደለም። አልጋው አጠገብ ቆማችሁ ተነጋገሩ። ምን ሆኖ ነው፣ ከዚህ በፊት ምን ነበረበት፣ አሁን እንዴት ነው፣ ከኔ ምን ትጠብቂያለሽ። ኤስባር የሚሉት ይኸው ነው፤ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጣ ዘዴ ነው ይባላል። ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ ያልመጣ ካለ ለብቻው ጻፊው። ውጤቱ ወደ አሮጌው ዋርድ ሄዶ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ ሪፈሩ። ሆዴ የሚቃጠለው እዚህ ነው።

በወረቀት ላይ ሰንሰለቱ ያማረ ነው። ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ስፔሻላይዝድ። ከኛ ወደ ላይ ሲባል ብዙውን ጊዜ ሐረር ነው፣ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲው ሕይወት ፋና። ካልሆነ አዲስ አበባ፣ 500 ኪሎ ሜትር አልፎ። መሃል ላይ ላይዘን ኦፊሰር አለ፤ ብዙውን ጊዜ ነርስ ነው። ደውሎ አልጋ መኖሩን ማረጋገጥ የሱ ሥራ ነው። ሳይደወል የተላከ ታካሚ ግን አሁንም በር ላይ ይደርሳል። ቤተሰቡ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ "ሪፈር ነን" ይላል። ተቀባዩ "ማን አሳወቀን?" ይላል።

አንዷን ልንገርሽ። በምጥ ጊዜ አንቀጥቅጦ ጥሏት የመጣች ወጣት እናት ነበረች። የላካት ተቋም ወረቀቱ ላይ የጻፈው "መድኃኒት ተሰጥቷታል" የሚል ነው። አለቀ። ምን? ስንት? መቼ? መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ማግኒዚየም ሰልፌት መሆኑን ገመትን። የመነሻው መጠን 4 ግራም በደም ስር ቀስ ተብሎ፣ ከዚያ 5 ግራም በአንዱ መቀመጫ 5 ግራም በሌላው፣ በድምሩ 14 ግራም መሆኑን አንቺም አትረሺውም። ያንን ወስዳ ከሆነና እኛ ከደገምንባት ትንፋሿ ሊቆም ይችላል። ካልወሰደችና ከተውናት እንደገና ይጥላታል። ስልክ ደወልን፤ አይነሳም። አማቷን ጥግ ይዤ ጠየቅኳቸው። "የዐስር አዛን ሲል ነው የወጓት፣ በሁለቱም መቀመጫዋ፤ እጇ ላይም ቀስ እያሉ ሰጧት" አሉኝ። ወደ 9 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር መስመር ያዘ። ቀጣዩ 5 ግራም ከመጀመሪያው መርፌ አራት ሰዓት ቆይቶ ይሰጣታል፣ ያውም ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ካላነሰ፣ ጉልበቷ ሲመታ ከዘለለ፣ ሽንቷም በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ከሆነ። ማግኒዚየሙ ቢበዛባት ማርከሻ የሚሆነውን ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገቧ አስቀመጥን። እናትየውም ሕፃኑም በሰላም ወጡ።

ማንበብ የማይችሉት አማት ከወረቀቱ የተሻለ ሪፈር ይዘው መጥተው ነበር። ስለዚህ ስትልኪ ሦስቱን ጻፊ፤ ምን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት። ስትቀበዪ ደግሞ አስታማሚውን ከበር አትመልሺ። ዘበኛው "አስታማሚ ውጪ" ብሎ ሲያስወጣቸው ታሪኩም አብሮ ይወጣል።

አምቡላንሱንም አስቢ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ ይመስላል። የደንገጎ ዳገት አለ፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መኪና አለ። 680 ሊትር የምትይዘው ትንሿ የኦክስጅን ሲሊንደር በደቂቃ 5 ሊትር ብታስሄጃት 136 ደቂቃ ትቆያለች፣ ያውም ሙሉ ከነበረች። በ10 ሊትር ደግሞ ግማሹን። ከመነሳትሽ በፊት አስሊው፣ በር ላይ ቆመሽ የምትጠብቂበትንም ጨምሪ። ሾፌሩ "ይበቃል እህቴ" ቢልሽ አትመኚው።

የመልስ ወረቀት የሚባለውም ነገር አለ፤ ተቀባዩ "ይህን አገኘን፣ ይህን አደረግን፣ እናንተ ደግሞ ይህን ቀጥሉ" ብሎ ለላኪው የሚመልሰው። ቅጹ አለ፤ ሲመለስ ግን አይታይም። ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ የላከቻት እናት ትሙት ትዳን ሳታውቅ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላዋን ትልካለች። በምን ትማር? አንቺ የምትገቢበት ሆስፒታል ይህን ብቻ ብታስጀምሪ እኮራብሻለሁ።

ማስወጣት ላይ ዋናው ጠላት ጥድፊያ ነው። ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ ሲዞሩ፣ "ዛሬ ትወጫለሽ" ይባላል፣ ከምሳ በፊት ሌላ ታካሚ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ አልጋዋን ያያል። ምክሩ በሁለት ደቂቃ ይነገራል። "ገባሽ?" ስትያት "አዎ" ትላለች። ምን ትበል? እኔ "ቤት ስትደርሺ ለባለቤትሽ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?" እላለሁ። ያኔ ያልገባት ይወጣል። የመድኃኒቱንም ሰዓት "ከምግሪብ በኋላ"፣ "ከቁርስ በፊት" ብለሽ ብትነግሪያት ከሰዓት ቁጥር ይልቅ ትይዘዋለች። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ረመዳን ሊገባ ሲል የሚወጣ ከሆነ ሳይጠይቅሽ ጠይቂው። ብዙው ይጾማል፣ ለሐኪም ግን አይናገርም። መጾም ይችል እንደሆነና መጠኑ እንዴት እንደሚሆን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው መውጣት ያለበት።

ፈርመው ስለሚወጡት አንድ ነገር። ፊርማውን ተቀብሎ እጅን መታጠብ ቀላል ነው። "ለምንድን ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ገንዘብ አልቆ ይሆናል፣ ቤት የቀሩ ልጆች ይሆናሉ፣ ጸበል ሊሄዱ ይሆናል። አንዳንዱ በጤና መድህኑ ወይም በማኅበራዊ አገልግሎቱ በኩል ይፈታል። ካልተፈታም መድኃኒታቸውን ስጫቸው፣ ምን ሲያዩ እንደሚመለሱ ንገሪያቸው። ተኮራርፎ የወጣ ሰው ሲብስበት እንኳ አፍሮ አይመለስም።

በዛብሽ መሰለኝ። የምትገቢበት ዋርድ የአዋቂ ነው የልጆች? እሱን ጻፊልኝ። የልጆች ከሆነ ስለ ክብደትና ስለ ግሉኮስ ሌላ ደብዳቤ ይጠብቅሻል። የናንተን የሪፈር ቅጽ ፎቶ አንሥተሽ ብትልኪልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ከኛው ጋር ላስተያየው። ለእናትሽ እጅ ነሥታለች በይልኝ።

ያንቺው
ከድሬዳዋ