የድጋፍ ጥሪ፦ ለፎቅ ቤቶቻችን የማምለጫ መሰላል እንግዛ

እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቻችን በሙሉ፣

የኒኮላስ ቦስቲክን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ላላየ በአጭሩ እንንገረው። ጊዜው ሐምሌ 2022 ነው፤ ቦታው ኢንዲያና ውስጥ ላፋየት የምትባል ከተማ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይህ የ25 ዓመት ወጣት በመኪና ሲያልፍ አንድ ቤት ሲነድ ያያል። ስልኩን ስላልያዘ ወደ 911፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ፣ መደወል አልቻለም። በጓሮ በር ገብቶ ተጣራ። የልጆቹ ወላጆች ቤት አልነበሩም። ፎቅ ላይ የነበረችው የ18 ዓመት ልጃቸው ሌሎቹን ልጆች ይዛ ብቅ አለች። አራቱንም ይዟቸው ወጣ።

የቀረ ሰው እንዳለ ሲጠይቅ፣ የ6 ዓመቷ ልጅ የለችም። ተመልሶ ገባ። ጭሱ ውስጥ ድምጿን ተከትሎ አገኛት። መውጫው ሲጠፋው ፎቅ ላይ ወጣ፣ መስኮቱን በቡጢ ሰበረ፣ ልጅቷን አቅፎ ዘለለ። እሷ እንዳትጎዳ ብሎ በጎኑ ነው የወደቀው። ክንዱ ክፉኛ ተቆርጦ ደሙ እየፈሰሰ እንኳ የሚጠይቀው ስለ እሷ ነበር። ሁሉም ተረፉ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች አንዴ ከወጣችሁ አትመለሱ ነው የሚሉት፤ ልክ ናቸው። እሱ ግን ተመለሰ። ለሕክምናው በጎፈንድሚ፣ በኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያው፣ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣለት። ሲያንሰው ነው!

የወላጆች ኮሚቴያችንን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው። ያ ወጣት የዚያን ሌሊት በሌላ መንገድ ቢሄድስ ኖሮ?

ብዙዎቻችን የማታ ሺፍት ሠራተኞች ነን። ታላቅ ታናናሾቹን እየጠበቀ የሚያድርበት ቤት ስንት እንደሆነ እርስ በርስ እናውቀዋለን። መኝታ ቤቱ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ጭስ ሲሸተው የሚጮኸው ስሞክ ዲቴክተሩስ? እጣን በጨሰ ቁጥር ይጮሃል ተብሎ ባትሪው ወጥቷል። ፌስታል ያጠለቁለትም አሉ፤ ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ። ቡናውንም እጣኑንም ተዉ የሚል የለም። ለጊዜው ዝም የሚያሰኝ ቁልፍ ያለው ዲቴክተር ገበያ ላይ ሞልቷል።

የመጀመሪያው ዙር ዕቅዳችን 40 ቤት ነው። ለእያንዳንዱ መስኮት ላይ የሚንጠለጠል ተጣጣፊ መሰላል እንገዛለን፤ አንዱ ወደ 50 ዶላር ነው። ዲቴክተሩን የእሳት አደጋ መምሪያዎችም በነፃ የሚሰጡበት ጊዜ አለ፤ እሱን አስቀድመን እንጠይቃለን፣ የጎደለውን በመዋጮው እንሞላለን። ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ ካለም ይቀየራል፤ የተሠራበት ቀን ከጀርባው ላይ ተጽፏል። በጠቅላላ የሚያስፈልገን 3,000 ዶላር ነው። ቅድሚያ የሚያገኙት ልጆች ብቻቸውን የሚያድሩባቸው ቤቶች ናቸው። ስማቸው በየትም አይለጠፍም።

20 ዶላርም ቢሆን በቂ ነው። የአንድ ቤት መሰላል እኔ እችላለሁ የሚል ካለ እሰየው። ገንዘቡን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለገንዘብ ያዣችን ስጡ፤ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። የተገዛው ዕቃ ዝርዝር በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይወጣል።

መሰላሉን አስረክበን አንሄድም። ልጆቹ በወላጆቻቸው ፊት መስኮቱን ከፍተው ማንጠልጠሉን ይለማመዳሉ። ሲተኙ የመኝታ ቤት በር መዝጋትንም እንነግራቸዋለን፤ የተዘጋ በር እሳትና ጭስን ያዘገያል።

ኪሴ ባዶ ነው የምትሉ ደግሞ ካቻቪቴ ይዛችሁ ኑ። ጣሪያ የሚደርስ ረጅም ሰውም እንፈልጋለን፤ ኮሚቴው በሙሉ አጭር ነው።