የማድረቂያዬ ነገር፦ ለጅማ ስክሪን ፕሪንት ባለሙያዎች

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቲሸርት ላይ የታተመ ቀለም ስለሚያደርቀው ማሽኔ ለጠየቃችሁኝ፣ አሻሽዬው ጨርሻለሁ። ፕላስቲሶል፣ ማለትም ፕላስቲክነት ያለው የህትመት ቀለም፣ ውስጡ ድረስ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልደረሰ ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ሲታጠብ ግን ይሰነጠቃል። አንድ ሙሉ ትእዛዝ እንደገና በኪሳራ የሠራሁት በዚህ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ሂተር ልጨምር ነበር። ለካ የጎደለው ጊዜ ነው፤ ቲሸርቱን ተሸክሞ በማሽኑ ውስጥ የሚያሳልፈው ቀበቶ ይቸኩላል። ሞተሩ ላይ ያለውን ባለጥርስ ጎማ አነስ ባለ ጎማ ቀየርኩትና ቀበቶው ዘገየ። የመግቢያና የመውጫውን አፍም በቆርቆሮ አጠበብኩት፤ ሙቀቱ ለካ በዚያ ነበር የሚያመልጠው!

በውሃ የሚሠራ ቀለም ግን ሌላ ነው። ውሃው ተንኖ መውጣት አለበት። በእኛ ክረምት ደግሞ ጨርቁ ራሱ እርጥበት ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ ፋንና እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ጨመርኩ።

ሂተር የምትጨምሩ፣ አደራ! አንድ ባለ 2 ኪሎዋት ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ገመዱንና ብሬከሩን ኤሌክትሪሺያን ሳያይ እንዳትነኩ።

መብራት ሲጠፋ ቀበቶው ይቆማል፣ ሂተሩ ግን እንደጋለ ይቆያል። ቲሸርቱ ውስጥ እንዳይቃጠል ቀበቶውን በእጅ የሚያዞር እጀታ አስበየድኩ። ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ እዩት። የሙቀት መለኪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ቀለሙ ላይ አብረን እንለካለን።