አባዬ፣ ትራክተሩን አትሽጠው

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

በስልክ ያልከኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። "የሳር ማጨጃው ትራክተር አብቅቶለታል፣ ለብረት ገዢ ሰጥቼ ልገላገለው" አልክ። አባዬ፣ እባክህ አትቸኩል። የነገርከኝን ምልክት ደጋግሜ ሳስበው ያለቀው ትራክተሩ ሳይሆን ቺንጋው፣ ያ ኃይል የሚያስተላልፈው የላስቲክ ቀበቶ ነው የሚመስለኝ።

እስቲ አንተም አስበው። ሞተሩ ወዲያው ይነሳል። ስለቱ ሳሩን እንደ ድሮው ያጭዳል። ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ዳገት ሲያይ ግን ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ይለግማል። ከዚያ ላይ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ኃይሉ ከሞተሩ ወጥቶ ካምቢዮው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ ቺንጋው ነው። እርግጥ ካምቢዮም ሲደክም ዳገት ያቅተዋል። ግን ካምቢዮ ጎማ ጎማ አይሸትም። ደግሞስ ካምቢዮ ውድ ነው፣ ቺንጋ ግን ከመጀመሪያውም አልቆ እንዲቀየር ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ርካሹን ሳናይ ውዱን አንፍረድበት።

ቺንጋው ሁለት መሆኑን አትርሳ። አንዱ ስለቱን ያዞራል፣ እሱ ደህና ነው። እኔ የምልህ ወደ ኋላ ሄዶ ጎማውን የሚነዳውን ነው። ይሄ ቺንጋ የሚይዘው በሆዱ ሳይሆን በጎኑ ነው። ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ስለሆነ ፑሌጃው፣ ማለትም የሚዞርበት ቦይ ያለው መሽከርከሪያ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል። ጎኑ ሲበላ ወደ ታች ይሰምጥና ሆዱ የፑሌጃውን ወለል ይነካል። ያኔ የቱንም ያህል ቢወጠር ይንሸራተታል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ፣ ቁልፉን ኪስህ ከተህ፣ የካንዴላውን ገመድ ነቅለህ፣ ከጎን በኩል በባትሪ መብራት እይልኝ። ጎኑ ተወልውሎ ካብለጨለጨ፣ ከተሰነጣጠቀ ወይም ክሩ ከወጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

አሮጌውን በሜትር ለክተህ ግን እንዳታዝ። ያለቀ ቺንጋ ይሳሳል፣ ይላላል፤ ልኩ እውነቱን አይነግርህም። ትክክለኛው መንገድ የሞዴል ቁጥሩ ነው። ወንበሩን ብታነሳው ከሥሩ አንድ ሰሌዳ ወይም ተለጣፊ ወረቀት ታገኛለህ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው የሚጻፈው። "የመኪና ቺንጋ አስገባበት፣ ያው ነው" የሚልህ ሰው አይጠፋም። ስፋቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የብዙዎቹ ስፋት ግማሽ ኢንች ወይም 5/8 ኢንች ነው። ሥራው ግን አንድ አይደለም። የእኛ ቺንጋ ፍሪሲዮንም ጭምር ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ ይላላል፣ ፑሌጃው እየዞረ እሱ ይንሸራተታል፤ ስትለቀው ቀስ ብሎ ይይዛል። ለዚህ ነው ዙሪያውን ጨርቅ የሚለብሰው፣ ውስጡም ብዙ ጊዜ ኬቭላር በሚባለው ጠንካራ ክር የሚሠራው። ይሄንን የማይችል ቺንጋ ወይ በድንገት ይዞ ያስፈነጥርሃል፣ ወይ ቶሎ ይበላል።

ሥራውን እኔ ስመጣ አብረን እንሠራዋለን። መጀመሪያ የማጨጃው ክፍል ከሥር ይወጣል፤ እሱ ካልወጣ እጅ አይገባም። ከዚያ ምንም ነገር ሳይነካ የቺንጋውን መንገድ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አነሳለሁ። በየትኛው ፑሌጃ ውስጥ፣ በየትኛው ውጪ እንደሚያልፍ በቃል ይያዛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ብዙዎቹ ትራክተሮች ላይ ፔዳሉ ተረግጦ የማቆሚያ ፍሬኑ ሲቆለፍ ቺንጋውን በሞላ የሚወጥረው መወጠሪያ ፑሌጃ ይላላል። ሞላው እንደተወጠረ ከመታገል ያ ይሻላል፤ ሞላ አምልጦ ጣት ይመታል። ቺንጋው እንዳይወጣ የሚጠብቁትን ብረቶች ፈታ ማድረግ እንጂ ማጣመም የለብንም። ካምቢዮው ላይ የፕላስቲክ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ካለ ደግሞ ቺንጋው በክንፎቹ መሃል አንድ በአንድ ነው የሚያልፈው። ቸኩሎ መጎተት ክንፉን ይሰብራል። አዲሱን በካቻቪቴ እየፈነቀሉ ማስገባትም አይሆንም። ከውጪ ምንም ሳይታይ ውስጡ ያለው ክር ይበጠስና በኋላ መገልበጥ ይጀምራል።

ከሁሉ በላይ የምፈልገው ግን መወጠሪያ ፑሌጃዎቹን ማየት ነው። ቺንጋው ሲወጣ ነፃ ይሆናሉ። በጣት ሲሽከረከሩ ድምፅ ሳያሰሙ ለስልሰው መዞር አለባቸው። ካጉረመረሙ፣ አሸዋ የገባባቸው ይመስል ከተንቋቁ፣ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዙ ውስጣቸው ያለው ማሽከርከሪያ ኩሽኔታ አልቋል። ብዙ ሰው ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ ይዘጋል፣ ከዚያ አዲሱ ቶሎ አለቀ ብሎ ቺንጋውን ይራገማል። የበላው ግን ፑሌጃው ነበር። ዘይት የሚያፈስ ቦታ ካለም እንደዚያው፤ ዘይት የነካው ቺንጋ አይይዝም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ብቻህን ከሥሩ እንዳትገባ። እንደማያቅትህ አውቃለሁ፣ እጅህ ከእኔ እጅ ይበልጣል። ነገር ግን ክሪክ ለማንሳት እንጂ ሰው ከሥሩ እንዲተኛ አልተሠራም። ቢንሸራተት የሚጠራልህ ሰው አጠገብህ የለም። አፍንጫውን ወደ ላይ አቁመው የሚሠሩም አሉ፤ ቤንዚኑ ይፈሳል፣ ዘይቱም ወደማይሆን ቦታ ይገባል። ይሄንንም አትሞክረው። እኔ ጠንካራ መደገፊያና የጎማ ማገጃ ይዤ እመጣለሁ። አንተ አጠገቤ ወንበር ላይ ቁጭ በልና ፎቶውን እያየህ ምራኝ። የተጣመመ ቺንጋ ከእኔ ቀድሞ የሚያየው ያንተ ዓይን ነው። ስንጨርስም ሜዳ ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አንተ ነህ የምትሞክረው። ፔዳሉን ስትረግጠው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ ደግሞ መወጠሩን እንደገና እናየዋለን።

እስከዚያ ድረስ ዳገት አታውጣው። የደከመ ቺንጋ ዳገት ላይ ቢበጠስ ትራክተሩ ወደ ኋላ ሊሄድብህ ይችላል። ከወንበሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ጠረግ አድርገህ ፎቶ አንሳልኝና ላክልኝ፤ ቁጥሮቹ በደንብ ይነበቡ። ቺንጋውን ገዝቼ ነው የምመጣው። ብረት ገዢው ከደወለ፣ አይሸጥም በለው።

የምወድህ ልጅህ